«ዓይነ ውሃው አላማረኝም»

«ዓይነ ውሃው አላማረኝም።» ሦስት ቃል ናት። ነገር ግን በከተማችን በየቀኑ ከሚሰጡት ፍርዶች ሁሉ እንደሷ ብዙ ሰው ከደጅ የመለሰች ያለች አይመስለኝም። ምስክር አትሰማም፤ ማስረጃ አትጠይቅም፤ ይግባኝ የላትም። ከሳሹም፣ ዓቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ነው። ተከሳሹ ደግሞ መከሰሱን እንኳ አያውቅም። ቤት ሊከራይ የመጣው «ትናንት ተከራየ» ይባላል። ሥራ ሊጠይቅ የመጣው «ሰው ይዘናል» ይባላል። ታሞ የመጣው «ወረፋህን ጠብቅ» ይባልና ከኋላው የደረሰው ባለክራቫት ሰተት ብሎ ይገባል። ሰውየው ዘወር ሲል ነው እንግዲህ ያቺ ሦስት ቃል የምትወጣው።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከነዚህ ዳኞች ጋር ነው። «ሳየው አውቀዋለሁ ባዮች» ብዬ ሰይሜያቸዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሆቴሉ በር፣ በየቀበሌው አሉ፤ በየመኝታ ክፍላችንም አልጠፉ። አንዱን «እንዴት አወቅህ?» ብትሉት «ኧረ እኔ ሰው አይቼ ተሳስቼ አላውቅም!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ መሳሳቱን አያውቅም። እንዴት ብሎስ ይወቅ? ጠርጥሮ ያባረረው ሰው ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ጌታዬ፣ እኔኮ ሌባ አልነበርኩም» አይለው! አምኖ ያስገባው ባለክራቫት ያታለለው ጊዜ ደግሞ «አይ ጊዜ! ሰው ከፋ» ብሎ ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የገጠመለት ብቻ ነው። የራሱን ፈተና ራሱ የሚያርም ተማሪ መቼ ወድቆ ያውቃል?

ተረትም አያጡም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይሏችኋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ስለ ምግብ ነው የተባለው። የሻገተ እንጀራ አይቶ መተው ብልህነት ነው። ሰው ግን አይበላም! ደግሞስ «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉትም እነዚያው አባቶች አይደሉም ወይ? ልብ በሉ፤ ካነጋገር አሉ እንጂ ካለባበስ አላሉም። ፍርድ ከቃል በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሰውየው አፉን ሳይከፍት የፈረደ ሰው በተረት አይደገፍም።

እስቲ ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ፤ ይህ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነውና። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው ሲያነጋግር ያለው ቃል አንድ ነው፤ ለሚኒስትሩም ለሊስትሮውም «ዩ» ነው። አማርኛ ግን እንዲህ በዋዛ አይለቀንም። ገና አፋችንን ስንከፍት «አንተ» ይሁን «እርስዎ» መቁረጥ አለብን። ስሙን ሳንጠይቅ፣ ሥራውን ሳንሰማ፣ ፍርዱን ከግሱ ጋር እንቋጥረዋለን፦ «ና» ወይም «ይምጡ»፣ «ቁም» ወይም «ይቁሙ»። ያንን የሚያስመርጠን ምንድን ነው? ዓይናችን ነው። ዓይናችን የሚያየውስ? ድሮ ሽበት ነበር እንል ይሆናል። ዛሬ ግን ካንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ግማሽ ሰዓት ቁሙና አድምጡ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ፣ እግራቸው አቧራ የጠጣ የስልሳ ዓመት አዛውንት ይመጣሉ። የሃያ አምስት ዓመት ዘበኛ «አንተ ሰውዬ! ወዴት ነው ዘው ዘው?» ይላቸዋል። ወዲያው የዘበኛው እኩያ የሆነ፣ መነጽርና ኮት ያደረገ ጎረምሳ ይደርሳል። «ይግቡ፣ ይግቡ ጌታዬ!» በሰዋስው መጻሕፍት «እርስዎ» የአክብሮት ተውላጠ ስም ነው ተብሎ ተጽፏል። ደጃፍ ላይ ግን የኮት ተውላጠ ስም ሆኗል። ለዕድሜ የተሰጠው ቃል ለጨርቅ ተላለፈ።

ዘበኛውን ለብቻው አልወቅስም። እሱም ትናንት ከዚያው ካዛውንቱ አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡን ያውቃል። ኮት ለባሹን አቁሞ «መታወቂያ» ቢል፣ ኮት ለባሹ የሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሆኖ ቢገኝ፣ እንጀራው ያበቃለታል። አዛውንቱን ቢያንገላታ ግን ማን ይጠይቀዋል? ማንም። እንግዲህ ፍርዱን የጻፈው ደጃፉ ላይ የቆመው ሳይሆን ከውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። ዘበኛው አንባቢው ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሰው ባለጋቢን ማንገላታት እንደ ጥፋት ቢቆጥር ኖሮ ዘበኛው ባንድ ቀን «እርስዎ» ማለት ይለምድ ነበር።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ልብስ እንደ ሕግ ነበር። ሎሌ ከጌታው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ያደገድጋል። የሸማውን አጣጣል ያየ መንገደኛ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ሳይነገረው ይረዳ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ «ጌታዬ ይቅር፣ ጓድ እንባባል» ተባለ። ቃሉ ተለወጠ፤ ዓይኑ ግን በቦታው ቀረ። ውሎ አድሮ «ጓድ»ም የባለመኪናውና የባለቦርሳው ማዕረግ ሆነ፤ በረባሶ ያደረገው ተመልሶ «አንተ ሰውዬ»ነቱን ተረከበ። ቃል ብቻውን አርነት አያወጣም ማለት ነው።

ልብስ ብቻ መሰላችሁ? ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን ቀጥቃጭ፣ ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ የምትሠራለትን ሸክላ ሠሪ፣ ገላውን የሚሸፍንለትን ሸማኔ «ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል» ብሎ የሸሸ ኅብረተሰብ ነው የኛ። አያችሁ የፍርዱን ግልባጭ? አፍጥጦ ያየው ሌላው፤ በዓይኑ የተከሰሰው ባለጁ! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ባለጁን በእደ ጥበቡ የሚጠረጥር ዓይን ግን ዛሬም አልጠፋም፤ ዓይን አዋጅ አያነብማ!

«ያ እኮ የመሃይም እምነት ነው፤ እኛ የተማርን ነን» የሚል ይኖራል። ቀስ በል ወንድሜ። «ሳየው አውቀዋለሁ» የራሱ ፕሮፌሰሮች ነበሩት። በ18ኛው መቶ ዓመት ላቫተር የሚባል የስዊስ ቄስ «የሰው ጠባይ ከፊቱ ቅርጽ ይነበባል» ብሎ በአውሮፓ ስሙ ገነነ። ከተከታዮቹ አንዱ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፊትዝሮይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በመርከቡ ለመሳፈር ሲቀርብ ካፒቴኑ አፍንጫውን አየና ሊመልሰው ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው ለረጅም ጉዞ የሚሆን ጉልበትና ቆራጥነት የለውም ባይ ነበር። ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን ይባላል። ታሪኩን የነገረንም ራሱ ዳርዊን ነው። ጉዞው አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አፍንጫውም ጉዞውን ጨረሰ፤ ከዚያ ጉዞ የተነሣው ሐሳብ የሕይወትን ሳይንስ ለወጠው። ዳርዊን ለጥቂት አመለጠ። በአፍንጫቸው ምክንያት ደጅ ላይ የቀሩትን ዳርዊኖች ግን ማን ቆጠራቸው?

እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ተነሣ። ወንጀለኛ ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል፤ በመንጋጋው፣ በጆሮው፣ በክንዱ ርዝመት ይለያል የሚል መጽሐፍ አወጣ። መለኪያውን ይዞ እስር ቤት ገባ፤ የእስረኛ ራስ ቅል ለካ። እነዚያን ሰዎች መጀመሪያ ማን አሰራቸው? እንደሱ ያለ ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው! በመልኩ ጠርጥረህ ታስረዋለህ፤ ካሰርከው በኋላ መልኩን ለክተህ «ይኸው፣ እስረኛ እንዲህ ነው የሚመስለው» ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ1913 ቻርልስ ጎሪንግ የሚባል የእንግሊዝ እስር ቤት ሐኪም 3,000 ያህል እስረኞችን መርምሮ ወንጀል ካልሠሩ ሰዎች ጋር አስተያየና ሎምብሮዞ ያለው የወንጀለኛ መልክ የለም ሲል አሳተመ። ልኬቱ ፈረሰ፤ ሱሱ ግን ቀረ። ከሎምብሮዞ አገር የመጣው የፋሺስት ጦር አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ሰውን በቆዳው አይቶ መመደብ በኛው ላይ ምን እንዳደረገ አያቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል። እንዴት ብለን እኛው የመለኪያው ወራሾች እንሆናለን?

በቅርብ ዘመን የተደረገ ጥናትም አለ። አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ለአሜሪካ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ ጥንድ ጥንድ አድርገው ለአንድ ሰከንድ አሳዩ። «ብቁ የሚመስለው የትኛው ነው?» አሉ። ተመልካቾቹ ብቁ ይመስላል ያሉት ሰው ከአሥር የሴኔት ውድድር በሰባቱ ያህል አሸናፊው ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ የተከተለው ጥናት ደግሞ ሰው ስለ አንድ ፊት ለመፍረድ አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንደሚበቃው አሳየ። ጊዜ ሲጨመርለትስ? ፍርዱ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ያደገው እርግጠኝነቱ ነው።

ሳየው አውቀዋለሁ ባዮች ይህን ሲሰሙ «ይኸው! ዓይን አይሳሳትም» ብለው ሊጨፍሩ ይችላሉ። ተሳስተዋል። ጥናቱ ያሳየው ብዙ ዓይኖች ባንድ ፊት ላይ መስማማታቸውን ነው፤ ፊቱ እውነት መናገሩን አይደለም። ብቁ የሚመስለው ተመረጠ፤ ብቁ መሆኑ በዚያ አልተረጋገጠም። እንዲያውም ነገሩን አስፈሪ የሚያደርገው ይኸው ስምምነት ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢሳሳትብህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። መቶ ሰው በፊትህ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ከተስማማብህ ግን ወዴት ትሄዳለህ? በሄድክበት ሁሉ ያው በር ነው የሚዘጋብህ።

የሳንቲሙን ሌላ ገጽ ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1906 በጀርመን አገር ቪልሄልም ፎይክት የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። ብዙ ዘመኑን በእስር ያሳለፈ ሰው ነው፤ ከእስር ወጥቶ ሠርቼ ልደር ሲል የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው አጣ። በራሱ መልክ የትም በር አልተከፈተለትም። ምን አደረገ? አሮጌ የሻምበል ልብስ ገዛ፤ ለበሰ። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ወታደሮች «ተከተሉኝ!» አለ። ተከተሉት። ኮፐኒክ ወደሚባል ከተማ ሄደና ከንቲባውን በገዛ ቢሮው አሰረ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ከ3,500 ማርክ በላይ ተረክቦ ሄደ። የሹመት ወረቀትህ የታለ ብሎ በቁም ነገር የያዘው የለም፤ ልብሱ ወረቀቱ ነበራ! ከተያዘ በኋላ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ማሩት። ደራሲው ካርል ሱክማየር እ.ኤ.አ. በ1931 ተውኔት አድርጎታል። ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ብቻ አትውሰዱት። ያው አንድ ሰው ነው፤ በጫማ ሰፊ ልብስ ፈቃድ የተከለከለ፣ በሻምበል ልብስ ከንቲባ ያሰረ። የተለወጠው ጨርቁ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናው መከራከሪያቸው ይመጣል፦ «ታዲያ ጥንቃቄ ይቅር ወይ? ሌባ የለም ወይ? ቤቴን ለማንም ልክፈት?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተገቢ መልስም አለው። ጥንቃቄና ፍርድ ሁለት ነገር ናቸው። ጥንቃቄ እጅን ያያል፤ ፍርድ ፊትን ያያል። ጥንቃቄ ለሁሉም እኩል ነው፤ በሩ ላይ ፍተሻ ካለ የባለክራቫቱም ቦርሳ ይከፈት፣ የባለጋቢዋም አቁማዳ ይከፈት። ይህን ማንም አይቀየምም። ባለጋቢዋን ብቻ በርብሮ ባለክራቫቱን የሚያሳልፍ በር ግን ጥንቃቄ የለውም፤ ለሌባ ምክር ነው የሚሰጠው፦ «ክራቫት አስረህ ና» እያለ። ሌባም ደደብ አይደለም፤ ምክሩን ይሰማል።

በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 384ን የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችሁን ጠይቋቸው። አቅም እያለው መተዳደሪያው የማይታይ ሰው፣ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች አንዱን ሲፈጽም ከተገኘ፣ ተከሶ ዋስትና የሚከለከልበት ሕግ ነው። በወረቀት ላይ ድርጊት ይጠየቃል፤ ደግ። ግን መንገድ ዳር የተቀመጠ ወጣት መተዳደሪያ ይኑረው አይኑረው ባንድ እይታ በምን ይታያል? በጫማው ነው? በፀጉሩ ነው? ሥራ ፈልጎ ያጣና ሥራ የጠላ ሰው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ዋስትና በሌለበት ቦታ ደግሞ የዓይን ስሕተት እስር ይሆናል።

ከእስርም የባሰ አለ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ወጣት መሆን ብቻ ያስጠረጥር እንደነበር ያላወጋን ቤተሰብ የለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በኒው ዮርክ አማዱ ዲያሎ የሚባል የ23 ዓመት የጊኒ ተወላጅ በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ አራት ፖሊሶች የሚፈለግ ወንጀለኛ መሰላቸው። የገንዘብ ቦርሳውን ከኪሱ ሲያወጣ ሽጉጥ መሰላቸው። 41 ጥይት ተኮሱበት። «መሰለን» አሉ ፍርድ ቤት ቀርበው፤ በነፃ ተሰናበቱ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በእስራኤል፣ በቤርሳቤህ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አንድ ታጣቂ አደጋ ባደረሰበት ሰዓት እዚያ የተገኘ ኤርትራዊ ስደተኛ ተባባሪው መሰላቸውና ጥበቃው ተኮሰበት፤ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ሕዝቡ ተረባርቦ ቀጠቀጠው። ሞተ። ከነገሩ ምንም የለበትም። ጥፋቱ ቆዳው ነበር። ይህን ስንሰማ «አይ ፈረንጅ!» ብለን ከንፈር እንመጣለን። የሰው አገር ዓይን ሲያጠፋን ይታየናል፤ የራሳችን ዓይን ሲያጠፋስ? በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት በዚሁ በአዲስ አበባ ሰዎች በማንነታቸው እየተለዩ መታሰራቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። ስም ታየ፣ ዘዬ ተሰማ፣ በቃ። «ዓይነ ውሃው አላማረኝም» ማለት በር ላይ ሲባል ቀላል ይመስላል። ጠመንጃ በያዘ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ያቺው ሦስት ቃል ናት።

አሁን ወደኛ ልምጣ፤ ወደዚህ መጽሔት ጸሐፊዎች። በየወሩ የሚቀርቡትን አጫጭር ልብ ወለዶች ተመልከቱ። ወንበዴው ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለበት፤ አንድ ዓይኑ ሸውራራ ነው። አራጣ አበዳሪው ቦርጫም ነው። ቅን ልጅቷ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ዓይኗ የብር ዋንጫ ነው። ኧረ በሕግ አምላክ! ፈንጣጣ ያበላሸው ፊት ቅን ልብ አይኖረውም? ሸውራራ ሰው አያፈቅርም? ሎምብሮዞን በሳይንስ ቀበርነው ስንል በልብ ወለድ አስነሥተን ደመወዝ እየከፈልነው ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አገሩ «ጉዱ» ያለው ካሣ ከሁሉ የጠራ አእምሮ ያለው ሰው ነው። እብድ ያሉት ስለ ሥርዓቱ እውነቱን ስለተናገረ ነው። ያን መጽሐፍ ሁላችንም አንብበናል፤ ካሣንም ወድደነዋል። ነገ በግቢያችን በር ላይ ጉዱ ካሣ ቢመጣ ግን ስንቶቻችን ሰላም እንለዋለን?

በግጥም «ሰፊው ሕዝብ» እያልን የምናለቅስ ነን። በመስከረም ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ በቆርቆሮ ሳጥንና በጎማ ጫማ ብቅ ሲል ግን «ፋራ መጣ!» የሚለው ማን ነው? ሰፊው ሕዝብ እኮ እሱ ነው! ሰፊው ሕዝብ በግጥም ሲመጣ ጫማ አይታይበትም፤ በእግሩ ሲመጣ ነው የሚታየው። ልጁ ትግሬ ይሁን ጉራጌ፣ ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ አማርኛው ሲወላገድ ሳቅ ይሆናል። በአፍ መፍቻው ስንኝ ሲቋጥር ማናችንም ሰምተነው አናውቅም። የተናገረበትን ሳንሰማ የተናገረበትን ዘዬ ሰምተን ዘጋነው።

«አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም፤ የመሸበት መንገደኛ ‘የእግዜር እንግዳ ነኝ’ ሲል ማንነቱን ሳይጠይቁ እግሩን አጥበው ያሳድሩት ነበር» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። በዚያው ቤት በድግስ ቀን ሰው በማዕረጉ ነበር የሚቀመጠው፤ ባለጁም ከደጅ ነበር የሚስተናገደው። ነገር ግን የእግዜር እንግዳ ወግ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። ባለቤቱ እንግዳውን አላመነውም፤ አልጠረጠረውምም። ፍርዱን አሳደረው። እንግዳው በልቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ራሱ እስኪናገር ድረስ ቆየለት። እኛ ያጣነው ያንን ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዓይን አለንና ማየት አንተውም፤ መፍረዱን ግን እናሳድረው። ለማናውቀው ሰው፣ ልጅ ካልሆነ በቀር፣ የመጀመሪያው ቃላችን «እርስዎ» ይሁን፤ ጋቢም ይልበስ፣ ቱታም ይልበስ። ወደ «አንተ» ለመውረድ ሁልጊዜ ጊዜ አለ፤ ያዋረዱትን አዛውንት መልሶ ወደ «እርስዎ» ለማውጣት ግን ይቅርታ ያስፈልጋል። የግቢያችን በር ፍተሻ ለሁሉም እኩል እንዲሆን የተማሪዎች ማኅበር ጥያቄ ያቅርብ፤ ወይ ሁላችን እንፈተሽ፣ ወይ ማንም አይፈተሽ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም በሚቀጥለው እትም ሸውራራውን ጀግና፣ ሰልካካዋን ሌባ የሚያደርግ ደራሲ ካገኙ ጽሑፉን በመጀመሪያው ገጽ ያውጡልን። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ዓይነ ውሃው አላማረኝም» ሲላችሁ አትለፉት። «ስሙ ማነው? ምን አደረገ?» በሉት። መልስ ከሌለው ክሱ ውድቅ ነው።